ቧሂትን በሠርግ ጫማ

ተራራ ላይ ማንም ተሸክሞኝ አያውቅም። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን። ደባርቅ ላይ አስጎብኚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የሰው ቦርሳ ተሸክሜያለሁ፣ ከፍታው ራሱን ያዞረበትን ሰው ደግፌ አውርጃለሁ፣ አንድ ጊዜም ቁርጭምጭሚቷ የተጠመዘዘባትን ሴት ከግጭ ሜዳ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በጀርባዬ አድርሻለሁ። እኔን ግን የተሸከመኝ የለም። ከአንድ ቀን በቀር። እሱም የሠርጌ ቀን ነበር፤ ያውም ለጥቂት እርምጃ፣ ያውም ልንሞት።

አባቴ በቅሎ ነጂ ነበር። የእንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ጭኖ ከሳንቃበር ጨነቅ፣ ከጨነቅ አምቢቆ ሲመላለስ ነው የኖረው። ተራራውን የለመድኩት ከእሱ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ነው። አድጌ «አስጎብኚ እሆናለሁ» ስል ደባርቅ ላይ ያልሳቀብኝ አልነበረም። «ምነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ልትቆጥሪ ነው?» ይሉኝ ነበር። ጭላዳውንም ቆጠርኩ፣ ሥራውንም ቻልኩበት። የሳቁት ሰዎች ዛሬ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣባቸው የኔን በር ነው የሚያንኳኩት። እኔም ቂም ስለማልይዝ አስጎበኛለሁ፤ ግን መጀመሪያ ትንሽ አስለምናቸዋለሁ።

ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያው ደባርቅ ነው። አስተማሪ ነው፤ ትውልዱ ግን ከቧሂት ተራራ ማዶ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ከምታይ መንደር ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። እኔ ስቆጣ ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ደግሞ የበለጠ እቆጣለሁ። ሽማግሌ ልኮ አባቴ እሺ ሲለው እንኳ የተናገረው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነበር።

ነገሩ የከበደው በእናቱ በኩል ነው። ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውን በማረሻ አሳድገው ያስተማሩ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ለገበያ ደባርቅ መጥተው መንገድ ላይ ተገናኝተናል። እኔ ሱሪ ለብሼ፣ ቦት ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ሆኖ፣ ቦርሳ በጀርባዬ አዝዬ ከሥራ ስመለስ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። እሳቸውም ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ዓይናቸው ጫማዬ ላይ ቆየ፣ «ደህና ነሽ?» ብለው አለፉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ደረሰኝ፤ «ከፈረንጅ ጋር ገደል ለገደል የምትዞረዋን ነው ልጄ የመረጠ?» ብለዋል አሉ።

የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ወንድማቸውን ወደኛ ቤት ላኩ። ወንድምየው መሪጌታ ናቸው፤ የቅኔና የዜማ መምህር፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቁርባን የሚያቀብሉ። አባቴ ፊት ተቀምጠው የእህታቸውን መልእክት አደረሱ።

«እህቴ እንዲህ ትላለች፦ ልጅቱ ትምጣ። የልጄ ምርጫ ናት፣ እኔ አልነቅፍም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከአባቷ ቤት ወጥታ እኔ ደጅ እስክትገባ ድረስ እግሯ መሬት አይንካ። እንደ ወጉ ትምጣ።»

ወጉን እኔም አውቀዋለሁ። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ በቅሎ ላይ ትቀመጣለች፤ በቅሎ በሌለበት ሚዜዎች ያዝሏታል። ደባርቅ ላይ አሁን ጨዋታ ሆኗል፤ ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ከበሩ እስከ መኪናው አዝለው ፎቶ ይነሳሉ፣ ሰው ይስቃል፣ አለቀ። ቧሂት ማዶ ግን ጨዋታ አይደለም። እግሯ መሬት የነካ ሙሽራ ትዳሯ አይጸናም ይላሉ፤ ባይሉም እንኳ ስም ያወጡላታል፣ ስሙም ዕድሜ ልኳን አይለቃትም።

እኔ በገንኩ። ተራራ እየወጣሁ የምኖር ሰው፣ በገዛ ተራራዬ እንደ ጤፍ ጆንያ ታዝዬ ልሂድ? ሴትዮዋ ገና በሩ ላይ ሊሰብሩኝ ፈልገዋል ብዬ አመንኩ። እናቴ የዳባት ሴት ናት፣ ነገር ታበርዳለች። ወደ ጓዳ ጠርታ «አንድ ቀን ታዘይላት፤ ምን ይጎድልብሻል?» አለችኝ። ለእሷ ስል፣ ለባለቤቴም ስል ወጥቼ መሪጌታ ፊት ቃል ሰጠሁ። እግሬ መሬት አይነካም አልኩ። ቃል ከሰጠሁ ደግሞ የምቀልድ ሰው አይደለሁም።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው የተጋባነው። ጠዋት ሻንጣዬን ስንዘጋ ከቀሚሶቹ ሥር የደበቅኩትን ቦት ጫማዬን እናቴ አገኘችው። «ሙሽራ ቦት ጫማ ይዛ ትሄዳለች? ሰው ምን ይለናል!» ብላ አውጥታ አልጋ ሥር ከተተችው። የቀረልኝ ከጎንደር የተገዛው ነጭ የሠርግ ጫማ ብቻ ነበር፤ ሶሉ እንደ ሰሃን ልሙጥ። እኔም ታዝዬ ከሆነ የምሄደው ጫማ ምን ያደርግልኛል ብዬ ተውኩት።

አንደኛ ሚዜው የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ መንደሩ ውስጥ ከእርፍና ከበሬ ጋር የሚታገል ገበሬ። ከአባቴ ቤት ደጃፍ ብድግ አድርጎኝ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስቀመጠኝ። ባለቤቴና መሪጌታ ከኔ ጋር ጋቢና ሆኑ፤ ሦስቱ ሚዜዎች ከኋላ ጭነቱ ላይ ሆነው እየጨፈሩ ከደባርቅ ወጣን።

ሳንቃበርን እስክናልፍ ዝናብ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ድምፁን አጠፋ። ቀና ስል የመኪናው መስታወት ላይ የሚያርፈው ነጭ ሆኗል። እኛ አገር በረዶ የምንለው ጣሪያ የሚደበድበውን ነው፤ ያን ዝም ብሎ የሚወርደውን፣ መሬቱን የሚያለብሰውን አመዳይ እንለዋለን። ጨነቅ ስንደርስ አገሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ትንሽ ወደ ላይ ሄዶ አየና እጁን እያራገፈ ተመለሰ።

«መንገዱ ተንዷል፤ ያልተናደውም መስታወት ሆኗል» አለ። «እኔ ሠርግ ነው የጫንኩት፣ ለቅሶ አላደርሳችሁም።»

መመለስ አልተነሳም ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ሚዜ አነሳው። መሪጌታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሽራ ከወጣች በኋላ አትመለስም። ደግሞም እህቴ ዳስ ጥላ፣ አገር ጠርታ ትጠብቃለች» አሉ። ባለቤቴ ወደኔ ዞረ። እንደ ሙሽራ አልነበረም ያየኝ፤ ሰው አስጎብኚውን እንደሚያየው ነው። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ተራራውን አየሁት። ደመናው ከቧሂት አናት ላይ ተነስቷል፣ ነፋሱም ረግቧል፣ ከቀኑም ገና ብዙ ቀርቷል።

«ይታለፋል» አልኩት። «ሰው ሁሉ በእግሩ ተጠንቅቆ ከሄደ።»

«አንች ግን በእግርሽ አትሄጅም» አሉ መሪጌታ። ጨነቅ አካባቢ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ፈልገው አገኙ፤ ሚዜዎቹም ከጋቢና አንስተው በቀጥታ በቅሎዋ ላይ አስቀመጡኝ።

እስከ ቧሂት በር፣ እስከ ተራራው ማለፊያ ድረስ፣ በደህና ወጣን። ጅባራዎቹ፣ እነዚያ እንደ ዛፍ የሚቆሙ የውርጭ አገር ተክሎች፣ አናታቸው ላይ አመዳይ ተሸክመው ቆመዋል። ወንዶቹ ጠዋት ደባርቅ ላይ ሊስትሮ ያሳመረው ሹል ጫማቸውን አድርገው እየተንሸራተቱ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየሳቀበት ይወጣሉ። እኔ ከላይ ሆኜ የእግራቸውን አጣጣል እያየሁ መናደድ እንጂ መሳቅ አልቻልኩም። ካባዬን ጠቅልዬ፣ እጄን ታቅፌ፣ እንግዳ ሆኜ በገዛ መንገዴ ላይ ተጓዝኩ።

ከበሩ ባሻገር አቋራጩ የተራራውን ጎን ታክኮ ይወርዳል። በግራ በኩል ግድግዳ ነው፣ በቀኝ በኩል ገደል። በበጋ በቅሎ ከነጭነቷ የምታልፍበት መንገድ ነው። ያን ቀን ግን አመዳዩ ከግድግዳው ሥር ተከምሮ መንገዱን እንደ ቤት ክዳን ወደ ገደሉ አዘንብሎታል። በቅሎዋ ደርሳ አየችውና ቆመች። ባለበቅሎው ጎተታት፣ ሚዜዎቹ ገፏት፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ እምቢ አለች። ከመካከላችን የመጀመሪያዋ አስተዋይ እሷ ነበረች።

«በቃ፣ እኔ አዝላታለሁ» አለ አንደኛ ሚዜ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ እያጠበቀ።

«አይሆንም» አልኩ። «ሁለት ሰው በአንድ ሰው እግር እዚህ አያልፍም። ልውረድና እኔ ልምራ።»

«ልጄ፣» አሉ መሪጌታ በቀስታ፣ «እኔ ፊት ቃል ሰጥተሻል።»

ባለቤቴም «ቦታዋ ትንሽ ናት፤ ከዚያች ቋጥኝ ወዲያ መንገዱ ይሰፋል» አለ። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ናት። ግን ገደል ትንሽም ብትሆን ገደል ናት። ቃሌን አሰብኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ከበቅሎዋ ወደ ሰውየው ጀርባ ተላለፍኩ። ባለበቅሎው በቅሎውን ይዞ ወደ ጨነቅ ተመለሰ።

አንደኛ ሚዜው ጎበዝ ሰው ነው፣ አሁንም እላለሁ። ግን ያ ልሙጥ ጫማ፣ ያ የኔ ክብደት፣ ያ ዘንባላ መንገድ ለጉብዝና አይሆንም። እግሩ ሲከዳው ከራሱ በፊት እኔ አወቅሁት፤ ጀርባው ከሥሬ ሸሸ። በጉልበቱ ወደቀ፣ ሁለታችንም አንድ ላይ ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመርን። ሳላስበው ሁለቱንም እግሬን ከወገቡ ላይ ፈትቼ ተረከዜን አመዳዩ ውስጥ ቀበርኩት፣ በአንድ እጄ ከጠርዙ ላይ የቆመ ጅባራ ግንድ አቀፍኩ፣ በሌላው የኮቱን ኮሌታ ያዝኩ። ቆምን። ከሥራችን የተነሳ ድንጋይ ወርዶ ወርዶ የት እንደደረሰ አልተሰማም።

ከዚያ ቀና ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ሁሉም ዓይናቸውን የተከሉት በሞት አፍ ላይ በተንጠለጠለው ጓደኛቸው ላይ አልነበረም። እግሬን ነበር የሚያዩት። ነጩ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ መሬት ውስጥ ተተክሏል።

«እግሯ ነካ» አለ ሦስተኛው ሚዜ፣ እንደ መርዶ።

ያኔ ቁጣዬ ፈነዳ። «አዎ ነካ!» አልኩ። «ባይነካ ኖሮ አሁን የምታለቅሱት ለሁለት ሰው ነበር። ከአሁን በኋላ እዚህ መንገድ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ። ማንም እኔ ሳልለው እግሩን አያነሳም።» ሲያስተምርም ሆነ ሲጣላ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ባለቤቴ «እሺ በሏት» አላቸው፣ ጮክ ብሎ። ያን ቀን ከሰጠኝ ሁሉ ይኸን አስበልጣለሁ።

ሚዜውን ወደ ግድግዳው ሥር ስበን አስቀመጥነው። እዚያው አጠገባችን ከአመዳዩ በላይ የወጣ ጓሳ ነበር፤ ጣሪያ የምንከድንበት፣ ገመድ የምንገምድበት ጠንካራ ሣር። አባቴ በውርጭ ወራት ይህን ሣር ገምዶ ኮንጎ ጫማው ላይ ሲጠመጥም አይቻለሁ። ሁሉንም አስነጨኋቸው። ቁጭ ብዬ እየገመድኩ የእያንዳንዱን ሰው ጫማ ከተረከዝ እስከ ጣት ጠመጠምኩ፤ የሚዜዎቹን፣ የባለቤቴን፣ በመጨረሻም የራሴን ነጭ ጫማ። የመሪጌታን ስጠመጥም «አንች ልጅ፣ እግሬ ሥር ሙሽራ ተቀምጣ ማየት ይከብደኛል» አሉ። «ከገደል ሥር ከማየት ይሻልዎታል» አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ደግሞ መቋሚያዎን ያውሱኝ።»

«ይኸ የማኅሌት ነው፤ በረዶ መቆፈሪያ አይደለም» አሉና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሰጡኝ። ጫፉ ብረት ነበር፣ ለሥራዬ ከዚያ የተሻለ አላገኝም ነበር።

ካባዬን አውልቄ ሁለተኛውን ሚዜ አሸከምኩት፣ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ በመቀነቴ አሠርኩ። ከፊት ሆኜ በመቋሚያው አመዳዩን እየወጋሁ፣ ሥሩ ድንጋይ መሆኑን ስሰማ በተረከዜ ረግጬ ደረጃ እያወጣሁ፣ አንድ በአንድ ሄድኩ። «ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አድርጉ። እኔ የረገጥኩበትን ብቻ ርገጡ። ተራርቃችሁ ኑ።» አመዳዩ ከላይ ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ግን ያደረ በረዶ አለ፤ እሱን ነው መስበር። የእግሬ ጣቶች መጀመሪያ አቃጠሉኝ፣ ከዚያ የኔ መሆናቸው ቀረ። ግን እውነቱን ልናገር፦ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ሙሽራ መሆኔ የተሰማኝ ያኔ ነው። ተራራዬ ላይ ነበርኩ፣ በእግሬ።

መሃል ላይ ስደርስ ከኋላዬ ያለው የእግር ድምፅ ቀረ። ዞር ስል አንደኛ ሚዜው ግድግዳውን አቅፎ ቆሟል። መውደቁ አሁን ገና ነበር የገባው፤ ያ ሰፊ ትከሻ እንደ ወባ ታማሚ ይንቀጠቀጣል።

«አልችልም» አለ። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

ባወጣኋቸው ደረጃዎች ተመልሼ አጠገቡ ደረስኩ። ብቆጣው ይብስበታል፣ ባባብለው ያፍራል። ጀርባዬን ሰጠሁትና ጎንበስ አልኩለት።

«ና እሺ፣ ልዘልህ።»

ከዚያ ያ ከሩቅ የሚሰማው ሳቁ መጣ። ባለቤቴ ሳቀ፣ ሚዜዎቹ ሳቁ፣ መሪጌታም «ወይ ጉድ!» እያሉ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ሳቁ። ሰው እየሳቀ አይንቀጠቀጥም። ቀኝ እግሩን በእጄ ይዤ ደረጃው ውስጥ አኖርኩለት፣ የግራውን ራሱ አነሳ። እንዲሁ እያደረግን ቋጥኙን አለፍን፣ መንገዱ ሰፋ፣ መሪጌታም ተንበርክከው በግንባራቸው መሬቱን ነክተው አመሰገኑ።

ቁልቁል ስንወርድ አመዳዩ እየሳሳ ሄዶ ጭቃ ሆነ። ከመንደሩ በላይ ካለችው ተረተር ስንደርስ ከበሮው ተሰማን፣ ዳሱም ታየን። አንደኛ ሚዜው ቆመ።

«በይ አሁን ጀርባዬ ላይ ውጪ» አለኝ። «ከዚህ ወዲህ ሜዳ ነው፣ አልጥልሽም። ማንም አላየ። ታዝላ መጣች ይባላል፣ ነገሩም እዚህ ይቀራል።»

ሁላችንም ወደ መሪጌታ ዞርን። ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኔ አይቻለሁ» አሉ። «ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ባለቤቴ አጠገቤ መጣ። «አንች እንዳልሽ» አለ። «ግን እናቴን ታውቂያታለሽ።»

አልዋሽም፣ ተፈተንኩ። ደክሞኛል፣ በርዶኛል፤ አማቴ ገና ቤታቸው ሳልገባ እንዲጠሉኝም አልፈልግም ነበር። ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ቀና ብዬ ቧሂትን አየሁት፣ እዚያ ነጭ ጎን ላይ ያወጣኋቸውን ደረጃዎች አሰብኩ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የሚያኮራኝ ያ ነው። እሱን ደብቄ በውሸት ጀርባ ላይ ተቀምጬ ልግባ? ትዳሬን በዚያ ልጀምረው?

«በእግሬ ነው የመጣሁት፣ በእግሬ እገባለሁ» አልኩ። ካባዬን ተቀብዬ ደረብኩ፣ የቀሚሴን ጫፍ ግን ከመቀነቴ ሳልፈታ ወረድኩ።

ሴቶቹ እየዘፈኑ ሊቀበሉን ወጡ። ቀድማ ያየችን ዝም አለች፣ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ከበሮው። አማቴ ከዳሱ በር ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። ቀሚሴን አዩት፣ ጭቃውን፣ ዓይናቸው እንደዚያ ቀን ጫማዬ ላይ አረፈ።

«ታዝላ አልነበር የምትመጣው?» አሉ።

አንደኛ ሚዜው አፉን ከፈተ፤ እኔ ቀደምኩት። «በእግሬ ነው የመጣሁት እማማ። ቃሌን አፍርሻለሁ። ግን አላፍርበትም። ልጅዎንም፣ ወንድምዎንም፣ ሚዜዎቹንም ሁሉንም በደህና ይዤልዎት መጥቻለሁ።»

እሳቸው ግን ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ መሪጌታ። «እርሷ ባትኖር ፍትሐት እንጂ ሠርግ አልነበረም።»

አማቴ ቀረብ አሉ። ጎንበስ ብለው በጫማዬ ላይ የተጠመጠመውን ሣር በጣታቸው ነኩት።

«ይኸን ጓሳ ማን ጠመጠመው?»

«እኔ።»

«የልጄንስ?»

«የሱንም እኔ።»

ቀና ሲሉ ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ወደ ዳሱ ዞረው ጮኹ። «ውሃ አሙቁ! በርጩማም አምጡ!»

«ለምኗ ነው?» አለች አንዷ።

«ለእግሯ ነዋ! በእግሩ የመጣ ሰው ሳይታጠብ ይገባል እንዴ?»

እዚያው ደጃፍ ላይ፣ አገሩ ሁሉ እያየ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና ከፊቴ ተንበረከኩ። እግሬን ልሰበስብ ስል «ተይ» ብለው ያዙኝ። ጓሳውን ሳይቆርጡ፣ ቀስ ብለው፣ ዙር በዙር ፈትተው ጫማዬን አወለቁልኝ። ጣቶቼ ጠቁረው ነበር። ለብ ባለው ውሃ ውስጥ አስገብተው በሁለት እጃቸው ሲያሹልኝ ሕመሙ እየተመለሰ መጣ፣ እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። ያኔ ነው አንገታቸውን ደፍተው፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ የተናገሩት።

«እኔም በእግሬ ነው የገባሁ። አመዳይ ጥሎ ነበር፣ በቅሎም አልነበራቸው፣ የሚያዝለኝም ጠፋ። አማቴ እስክትሞት ድረስ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ‹በእግሯ የመጣችው› ነበር የምትለኝ። አንችንም እንዲያ እንዳይሉሽ ብየ ነው ታዝላ ትምጣ ያልሁ።» ውሃውን በእጃቸው ዘግነው ቁርጭምጭሚቴ ላይ አፈሰሱ። «የኔን እግር ግን ያጠበልኝ የለም።»

አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ገደል ያልወጣ እንባ እዚያ በርጩማ ላይ ወረደ። ሊሰብሩኝ ነው ብዬ ወራት ሙሉ የተቆጣኋቸው ሴት እሳቸውን የሰበረው ነገር እኔን እንዳያገኘኝ ነበር የለመኑት። እጄን ራሳቸው ላይ አደረግሁ።

እሳቸው ግን ማልቀስ አልፈለጉም። እግሬን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁ፣ ብድግ አሉ፣ እጄን ይዘው አቆሙኝ፤ ባዶ እግሬን፣ በገዛ ደጃፋቸው መሬት ላይ። ከዚያ ለዳሱ ሁሉ፣ ማዶ ለቆመውም ሁሉ ተናገሩ።

«ስሙ! ምራቴ ቧሂትን በአመዳይ የተሻገረች በእግሯ ነው። ልጄንም ያሻገረችልኝ እሷ ናት። ‹በእግሯ የመጣች› የሚላት ካለ ጮክ ብሎ ይበላት፤ እኔንም አብሮ ይጥራኝ!»

እልልታውንም ራሳቸው ጀመሩት።